ካርታ ያለው የመኪና ቴፕ፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ መንገድ

ካሴት ከመኪና ውስጥ ከጠፋ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ በዳሽቦርድ መሐል የሚገጠመው ዕቃ ዛሬም ስሙ «ቴፕ» ነው። ቴፕ የሚባለው ነገር ግን ሬዲዮና ሙዚቃ ማጫወቻ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በጣት የሚነካ ስክሪን ሆኖ ብሉቱዙን፣ የኋላ ካሜራውንና ካርታውን አንድ ላይ ይዟል። መኪናው ይዞት የመጣውን አስወልቆ ካርታ ያለው አዲስ ማስገጠም በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር የተለመደ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ለመግዛት የሚወርድ ሰው ደግሞ መርካቶ፣ ሱማሌ ተራና ዙሪያውን ያስሳል። ሻጭ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ስክሪኑ ስፋት ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገድ ለሚሠራ መኪና ግን ስፋቱ የመጨረሻው ጉዳይ ነው።

አገሩ ራሱ ምርጫውን ይወስናል። ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦርን፣ ጋሳይን፣ ክምር ድንጋይንና ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ጋሸናና ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ቻይናውያን ስለሠሩት እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይባላል። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ሲገነጠሉ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ አሉ። ስማዳን ከወሎ የበሽሎ ወንዝ፣ ከጎጃም ዓባይ ይለዩታል፤ ደጋው በድንገት አልቆ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ብርዱ፣ የፒስታው አቧራና ንዝረት፣ ተራራው የሚጋርደው የሬዲዮ ሞገድ፣ የኔትወርኩ መቆራረጥ፣ ሁሉም ዳሽቦርድ ላይ ለተገጠመ ኤሌክትሮኒክስ ፈተና ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የመኪናው ኤሌክትሪክ ነው። የቤት መኪናው፣ ሚኒባሱና አብዛኛው ፒክአፕ የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ በገበያ ላይ ያለው ቴፕም የተሠራው ለዚሁ ነው። ወደ ወረዳዎቹ ሰውና እህል የሚያመላልሱት ቅጥቅጥ አይሱዙ፣ ኤፍ ኤስ አርና ሲኖትራክ ግን በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ለ12 ቮልት የተሠራ ዕቃ በቀጥታ 24 ከተሰጠው ወዲያው ይቃጠላል። ይህን ሁሉም ገጣሚ ያውቃል። ችግሩ ከዚያ የሚያመልጥበት መንገድ ላይ ነው።

የአይሱዙው የባትሪ ሳጥን ሲከፈት ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር በአጭር ወፍራም ገመድ ተያይዟል፤ 12 እና 12 ተደምሮ 24 የሚሆነው በዚህ ነው። ከአንደኛው ባትሪ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠልፈው በቀዳዳ ወደ ጋቢና ይገባሉ፤ ቴፑ ኃይል የሚያገኘው ከዚህ ነው። ያለ ተጨማሪ ወጪ 12 ቮልት ተገኘ ማለት ነው፤ ቴፑም በደንብ ይዘፍናል። ዲናሞው ግን ሁለቱን ባትሪዎች የሚሞላው እንደ አንድ አድርጎ ነው። አንደኛው ብቻውን ሲጎድል እሱ ሳይሞላ ይቀራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ በነፋስ መውጫ ብርድ ጠዋት ሞተር አልነሳ ይላል፤ ባለ መኪናውም «የዘንድሮ ባትሪ የረባ አይደለም» ብሎ አዲስ ይገዛል። ጥፋቱ ግን የባትሪው አይደለም፤ የቴፑ አገጣጠም ነው።

ትክክለኛው መንገድ 24ን ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ማስገባት ነው። መጠኑን ለማወቅ ከቴፑ ጀርባ ያለውን ፊውዝ ማየት ይበቃል፤ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ይላል። ኮንቨርተሩ ያንን ያህል ያለ ማቋረጥ መስጠት የሚችል መሆን አለበት። በጣም ርካሾቹ ሌላም ጣጣ አላቸው፦ ሲሠሩ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ጩኸት ወደ ሬዲዮው ይገባና ጣቢያውን ያንሿሿዋል። ስለዚህ ኮንቨርተሩ ከአንቴናው ገመድ ራቅ ብሎ ይታሰራል።

ቀጥሎ የመግቢያው ልክ ነው። የዳሽቦርዱ ቀዳዳ ስፋት ከጀርመን የመጣ መለኪያ አለው፤ ነጠላው 180 በ50 ሚሊ ሜትር፣ ድርቡ 180 በ100 ሚሊ ሜትር ነው። «ሲንግል ዲን» እና «ደብል ዲን» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ደግሞ 200 በ100 የሆነ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ስላላቸው፣ ተራ ደብል ዲን ሲገባባቸው በግራና በቀኝ ክፍተት ይተዋል፤ በዚያ ክፍተት አቧራ ይገባል። ባለ 9 ወይም ባለ 10 ኢንች ስክሪኖች የሚገጠሙት ለየመኪናው ሞዴል በተሠራ የፕላስቲክ ፍሬም ነው። ቀዳዳውን በመጋዝ አስፍቶ የሚያስገባ ገጣሚ ካጋጠመ ሥራውን ባያስጀምሩት ይሻላል፤ የተቆረጠ ዳሽቦርድ በፒስታ መንገድ ላይ ሲንቀጫቀጭ ይኖራል፣ መኪናው ሲሸጥም ዋጋ ይቀንሳል።

ሬዲዮውን በተመለከተ ከጃፓን የመጡ ዕቃዎች የታወቀ ችግር አለባቸው። ጃፓን የኤፍ ኤም ስርጭቷን የመደበችው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት እስከ 95 አድርሳዋለች። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ግን እንደ አብዛኛው ዓለም ከ87.5 እስከ 108 ያለውን ነው። የባሕር ዳሩ ኤፍ ኤም 96.9፣ የአዲስ አበባዎቹ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ሁሉም ከጃፓኑ ሬዲዮ ጣሪያ በላይ ናቸው። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ በአንቴናው ገመድ ላይ የሚሰካ «ኤክስፓንደር» የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ የጣቢያውን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ለሬዲዮው ያቀርባል። ለምሳሌ 20 የሚቀንስ ከሆነ 96.9 በ76.9 ላይ ይሰማል። ይሠራል፤ ነገር ግን ሞገዱን ያዳክማል። ከባሕር ዳር አጠገብ ብዙም ባይታወቅም ከጉና ወዲያ ማዶ ሲደርሱ ልዩነቱ ይሰማል።

የኤፍ ኤም ሞገድ በመሠረቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ተራራ ይጋርደዋል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ሲወጣ ጥርት ብሎ የነበረው ጣቢያ መታጠፊያ ላይ ይጠፋና ዳገቱ ጫፍ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ቴፕ በመቀየር ይህ አይድንም፤ ሸለቆ ለሸለቆ ተከትሎ የሚመጣው በ«ኤ ኤም» የሚሰማው መካከለኛ ሞገድ ነው። በጣም ርካሾቹ ስክሪኖች ኤ ኤም ጭራሽ የላቸውም፤ ያላቸውም ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጣቢያ የሚፈልገው በ10 ኪሎኸርዝ እየዘለለ ነው፤ በእኛ በኩል ያለው አደላደል በ9 በመሆኑ 801 ላይ ያለን ጣቢያ 800 ወይም 810 እያለ ያልፈዋል። በቴፑ ማስተካከያ ውስጥ የአገር ወይም የክልል ምርጫ ካለ «አውሮፓ» የሚለው ይመረጣል።

አሁን ወደ ካርታው። «ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም» የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ፤ ስህተት ነው። የአሜሪካ ጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ የሰዓት ምልክት ይልካሉ። መኪናው ውስጥ ያለው ተቀባይ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የመጣውን ምልክት የጊዜ ልዩነት አስልቶ ያለበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያውቃል። መቀበል ብቻ ነው፤ ወደ ሰማይ የሚላክ ነገር የለም፣ የሚከፈል ሂሳብም የለም። ሩሲያ ግሎናስ፣ አውሮፓ ጋሊሊዮ፣ ቻይና ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ያደረገችው ቤይዱ የሚባሉ የራሳቸው ሳተላይቶች አሏቸው። በደጋው ሜዳ ላይ ሰማዩ ወለል ብሎ ስለሚታይ አንዱ ሥርዓት ይበቃል። ወደ በሽሎ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን ገደሉ ግማሹን ሰማይ ይሸፍናል፤ ያን ጊዜ ሁለትና ሦስቱን ሥርዓት አንድ ላይ የሚቀበል ዕቃ ይሻላል።

ስልክ ቦታውን ቶሎ የሚያውቀው የሳተላይቶቹን መርሐ ግብር አስቀድሞ በኢንተርኔት ስለሚያገኝ ነው። የመኪናው ቴፕ ይህ እርዳታ ከሌለው ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ ነው የሚሰበስበው። ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ ወይም መኪናው ለሳምንታት ቆሞ ሲነሳ ጥቂት ደቂቃ ማስጠበቁ ብልሽት አይደለም፤ ገላጣ ቦታ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። ሁልጊዜ የሚዘገይ ከሆነ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የገጣሚው ነው። ከቴፑ ጋር የሚመጣው የጂፒኤስ አንቴና የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ ከሥሯ ማግኔት ያላት ጥቁር ዕቃ ናት። ሥራ ለመጨረስ የቸኮለ ገጣሚ ጠቅልሎ ከቴፑ ጀርባ፣ ብረት ሥር ይወረውራታል። ቦታዋ ከፊት መስታወት ሥር ዳሽቦርዱ ላይ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ነው።

ስለዚህ ከሰማይ የሚጎድል ነገር የለም። የሚጎድለው ካርታው ነው። ከሳተላይት የሚገኘው ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ያንን ቁጥር በመንገድና በከተማ ላይ የሚያሳርፈው በዕቃው ማስታወሻ ውስጥ የተቀመጠው ካርታ ነው። ካርታውን በየጊዜው ከኢንተርኔት የሚያወርድ ፕሮግራም ብቻ ያለው መኪና ኔትወርክ ሲጠፋ ነጭ ስክሪን ላይ የምትንቀሳቀስ ቀስት ብቻ ይቀረዋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ይህ በግልጽ ታይቷል፤ ቀድሞ ካርታውን አውርዶ ያስቀመጠ ሰው ሲጠቀምበት፣ ያላስቀመጠው ባዶ ስክሪን ይዞ ቀርቷል። ጎግል ማፕስ የተመረጠ አካባቢን አውርዶ ለማስቀመጥ ያስችላል፤ ነገር ግን በየጊዜው ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉት ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው በበጎ ፈቃደኞች ከሚሠራው ኦፕንስትሪትማፕ የተወሰደ ካርታ ይጠቀማሉ፤ አገሩ በሙሉ አንዴ ይወርድና ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

የትኛውም ካርታ ግን ስም ላይ ይሰናከላል። ነፋስ መውጫም ሆነ እስቴ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የላቸውም፤ አንዱ ካርታ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ጽፏቸዋል። «አርብ ገበያ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሊያገኝ ይችላል፤ አንዷ በታች ጋይንት፣ ሌላዋ በዚያው ደቡብ ጎንደር በደራ ናት። «መካነ ኢየሱስ» ብሎ የጻፈ ደግሞ የእስቴዋን ከተማ ሲጠብቅ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባ ይዘረዘርለታል። መድኃኒቱ በስም አለመፈለግ ነው። ቦታውን በካርታው ላይ በጣት ተጭኖ በራስ ስም ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወይም ቁጥሩን ማስገባት። አካባቢው በግምት በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ላይ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ከተገላበጡ ነጥቡ በቱኒዝያና በሲሲሊ መሐል ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ስለሚወድቅ፣ ስህተቱ እንኳ ቶሎ ይታወቃል።

ሌላው ጉድለት ሰዓቱ ነው። ካርታው የመድረሻ ጊዜ የሚያሰላው መንገዱን በሚሰጠው ደረጃ ነው እንጂ ፒስታው ዘንድሮ ተጠርጎ እንደሆነ፣ ጎርፍ ቦዩን ሰብሮት እንደሆነ አያውቅም። ሸለቆ መሐል ሲገባ ደግሞ ማዶ በዓይን የሚታይ መንደር በካርታው ላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ርቀት ሆኖ በመኪና ግን ሰዓታት ይፈጃል። ቀጭን መስመር ሆኖ የተሳለው ሁሉ የመኪና መንገድ አይደለም፤ የበቅሎ መንገድም በዚያው መስመር ይሳላል። በክረምት የመናኸሪያ ሾፌሮችን መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል። ስክሪኑ የሚያሳየው ሰዓትም የፈረንጁ ስለሆነ፣ «15፡30 ይደርሳሉ» ሲል ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው።

ከጃፓን ተነስተው፣ አንዳንዶቹም መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ ቶዮታዎች የራሳቸውን ናቪጌሽን ይዘው ይመጣሉ። ዕቃው ጠንካራ ነው፣ ድምፁም ጥሩ ነው። ካርታው ግን የጃፓን ብቻ ነው፤ መኪናው ጉና ላይ ሆኖ እሱ የሚያውቀው ቶኪዮንና ኦሳካን ነው። ከዚህ የከፋው በብዙዎቹ ውስጥ ያለው የካርታ ኤስዲ ካርድ ነው። ባለ መኪናው ወይም ገጣሚው «የማይረባ የጃፓን ካርታ» ብሎ ካርዱን አውጥቶ ዘፈን ይጭንበታል፣ ወይም ይጠፋል። ከዚያ አንድ ቀን ባትሪ ሲነቀል ስክሪኑ በጃፓንኛ የካርታ ካርድ አስገባ ብሎ ይቆልፋል፤ ሬዲዮውም አብሮ ይዘጋል። መክፈቻ ኮድ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ግን ለአዲስ ቴፕ መነሻ ይሆን ነበር። ዕቃው ገና ያልተቆለፈበት ሰው ካርዱን ከቦታው እንዳያወጣ፣ ሌላ ቴፕ የሚያስገጥምም ከሆነ ከነካርዱ አስቀምጦ እንዲይዘው ይመከራል። ቀደም ያሉት የጃፓን ናቪጌሽኖች ካርታቸውን በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የያዙ ነበሩ። ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሃርድ ዲስክ ከፍታን ቢችልም ዕድሜና የፒስታ ንዝረት ሲደራረቡበት አይዘልቅም፤ ዛሬ ሲገዛ ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለበትን መምረጥ ነው።

ገበያ ላይ ካሉት አዳዲሶቹ መሐል በዋጋ ዝቅተኛው «ኤምፒ5» የሚባለው ባለ 7 ኢንች ነው። ሻጩ «ጂፒኤስ አለው» ቢልም አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ የሚያደርገው የስልክን ስክሪን መልሶ ማሳየት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከጀርባው የጂፒኤስ አንቴና መሰኪያ ከሌለ ጂፒኤስ የለውም። እነዚህ ዕቃዎች በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የዘፈን ወይም የመዝሙር ስም ማንበብ ስለማይችሉ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። አንድሮይድ የሆኑት ግን አማርኛን ያሳያሉ።

አንድሮይድ የሚባሉት የቻይና ስክሪኖች እውነተኛ የጂፒኤስ ተቀባይ አላቸው፤ እንደ ስልክ ካርታ ይጫንባቸዋል። እዚህ ላይ ያለው ማጭበርበር ሌላ ነው። ካርቶኑ ላይ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማስታወሻ ተብሎ የተጻፈው ውስጡ ግማሹ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ «ስለ ዕቃው» የሚለው ገጽ ራሱ እንዲዋሽ ተደርጎ ይሠራል። የሚሻለው ፈተና በዓይን ነው። ካርታው ተከፍቶ እየተንቀሳቀሰ፣ ከፍላሽ ዘፈን እየተሰማ፣ በዚያው ላይ የኋላ ማርሽ ይገባል። ካሜራው ወዲያው ካልመጣ፣ ወይም ዘፈኑ ከተቆራረጠ፣ ካርቶኑ የሚለው ምንም ይሁን ዕቃው ደካማ ነው። ከ2 ጊጋ ራም በታች የሆነ ለካርታ አይሆንም።

በጃፓን ስም የሚታወቁት ፓዮኒር፣ ኬንውድ፣ ሶኒና አልፓይን ብልጫቸው ሬዲዮውና ድምፁ ላይ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ሳተላይት የሚጠቀም የመኪና ናቪጌሽን ለሕዝብ ገበያ በማውጣት ከቀደሙት አንዱ ራሱ ፓዮኒር ነበር። ዛሬ ግን እነዚህ ድርጅቶች ከሚሠሯቸው ብዙዎቹ የራሳቸው ካርታ የላቸውም፤ በአፕል ካርፕሌይ ወይም በአንድሮይድ ኦቶ ስልኩ ላይ ያለውን ካርታ ወደ ስክሪኑ ያመጣሉ። ለዚህ አካባቢ ይህ ጉድለት ሳይሆን ብልጫ ነው። በቴፑ ውስጥ ታትሞ የመጣ ካርታ ለማደስ ገንዘብም ፍለጋም ይጠይቃል፤ ስልኩ ላይ ያለው ግን ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ዋይፋይ ሲገኝ ይታደሳል። «የራሱ ናቪጌሽን ያለው» ተብሎ ብዙ ሺህ ብር የሚጨመርበት ዕቃ ኢትዮጵያን መያዙ፣ ከያዘም አርብ ገበያንና ወገዳን ማሳየቱ ሳይታይ አይገዛም። ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለውን ባዶ አድርጎ የሚያሳይ ካርታ ዋጋው ባዶ ነው።

የስክሪኑ ብርሃን ቀላል የሚመስል፣ ግን ዕለት ዕለት የሚያማርር ነገር ነው። በከፍታ ላይ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ ሱቅ ጨለማ ውስጥ ያብረቀረቀ ስክሪን እኩለ ቀን ላይ መስታወት ሆኖ የሾፌሩን ፊት ብቻ ያሳያል። ከሱቁ ደጅ አውጥቶ፣ ከጎንም አዘንብሎ ማየት ነው። ፒስታ ላይ ተነካክቶ የሚስተካከል ድምፅም አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የሚዞር የድምፅ መቆጣጠሪያ ያለው በንክኪ ብቻ ከሚሠራው ይመረጣል።

«50 ዋት በ4» የሚለው ጽሑፍ ብዙም መታመን የለበትም። በ12 ቮልት የሚሠራ ቴፕ ያለ ተጨማሪ ማጉያ ለአንድ ስፒከር ያለማቋረጥ የሚሰጠው 20 ዋት ገደማ ነው፤ 50 የሚባለው ለቅጽበት የሚደርስበት ጫፍ ነው። ፍላሽ አልነበብ ሲል ደግሞ ቴፑ ተበላሸ ከማለት በፊት የፍላሹ አሠራር ይታይ፤ 64 ጊጋ የሆኑት ሲገዙ ብዙ ቴፖች በማያነቡት መንገድ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ «ፋት32» በሚባለው ተስተካክለው ሲጫኑ ይሠራሉ።

ከ2016 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሁን ያሉት ረዥም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል፤ ቴፕ የመቀየሩ ሥራም አብሮ ይቀጥላል። አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ስክሪናቸው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር አንድ ስለሆነ ተነቅሎ በሌላ አይተካም፤ ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ ቋንቋውና ካርታው መስተካከሉን መኪናው ሲገዛ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መግጠሙ የዕቃውን ያህል ይወስናል። ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣው ነው፣ ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው። ሁለቱን፣ ቀዩንና ቢጫውን፣ አንድ ላይ ጠምዝዞ የሚያስር ገጣሚ አለ፤ ቴፑ ይሠራል፣ ቁልፍ ሲዘጋ ግን ጨርሶ አይተኛም፣ መኪናው ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆም ባትሪውን ይጨርሳል። ፋብሪካው የሠራው ሶኬት ተቆርጦ ሽቦ በሽቦ መጠምዘዝ የለበትም፤ ለየመኪናው የሚሆን ሶኬት በጥቂት ብር ይገኛል፣ በፒስታ መንገድ ላይም አይላቀቅም። ከእጅ ፍሬን ጋር መያያዝ ያለበት አንድ ሽቦ አለ፤ መኪናው እየሄደ ፊልም እንዳይታይ የሚያደርገው እሱ ነው። ብዙዎች «ለደንበኛው ተብሎ» ከአካሉ ጋር አስረው ያሰናክሉታል። በቻይናው መንገድ ላይ ያለውን የጨጨሆን ቁልቁለት ለሚወርድ ሾፌር ያ ሽቦ በቦታው ቢታሰር ነው የሚሻለው።

ሂሳቡ ከመከፈሉ በፊት መኪናው ከከተማው ወጣ ተደርጎ አንድ ፈተና ይሰጠው። የስልኩ ዳታ ይዘጋ፣ ካርታው ላይ የሚታወቅ ቦታ ይመረጥ፣ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ይነዳ። ቀስቷ መንገዱን ተከትላ ካልሄደች ዕቃው ለሻጩ ይመለስ።